ሲመጣልኝ እጽፋለሁ



አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጉንችሬ፣ ከወጣቶች ኅብረታችን ጸሎት በኋላ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ ለዚህ መጽሔት ግጥም እንደምታመጣ ቃል የገባችልንን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እህታችንን «ግጥሙ ከምን ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቅ ብላ «ጋሼ፣ ገና አልመጣልኝም። ጌታ ሲሰጠኝ እጽፋለሁ። እቅድ አውጥቼ፣ ሰዓት ቆጥሬ ብጽፍማ የሥጋ ሥራ ይሆንብኛል» አለችኝ። አጠገቧ ከነበሩት አንዳንዶቹ «አሜን» አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አልነበረም። ይህንኑ ቃል በእሷ ዕድሜ እኔም ስናገረው ነበርና ያስከፈለኝን ዋጋ አስታወስኩ። በዚያ ቀን ያልመለስኩላትን ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ፤ የብዙዎቻችሁም ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁና። ጥያቄው ይህ ነው፦ የመጻፍ ጸጋ ያለው ሰው መነሳሳት እስኪመጣለት መጠበቅ አለበት ወይስ ግብ አውጥቶ መሥራት? ግብ ማውጣትስ አለማመን ነው?

መጀመሪያ የራሴን ጉድለት ልናገር። አያቴ ከጉንችሬ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ትኖር ነበር። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ግን ያየችውንና የሰማችውን አትረሳም። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ፣ የእሷም ጎጆ ከነዚያ ቤቶች አንዱ ነበር። ወንድሞችና እህቶች በጨለማ ይመጣሉ። እሷ እንሰቱ መሐል ሥራ እንደያዘ ሰው ሆና ቆማ ትጠብቃለች፤ የማታውቀው ሰው በጀፎሮው ላይ ሲመጣ ካየች ታስላለች። ውስጥ ያሉት ያለ ጭብጨባ፣ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። መጽሐፍ ቅዱሱን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጋ እንሰት ሥር ቀብራው እንደነበር ነግራኛለች።

ኮሌጅ ሳለሁ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ይህን ታሪክ አንድ ቀን መጽሐፍ አደርገዋለሁ እያልኩ አስብ ነበር። ለጓደኞቼም አውርቻለሁ። ሁሉም «ይህ ትልቅ ሸክም ነው፣ ጌታ ያሳካልህ» ብለውኛል። ግን አልጻፍኩም። ልቤ ሲነካ፣ ቃሉ ራሱ ሲፈስልኝ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ሳገኝ እጀምራለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ብቻ ደብተር ይዤ ተቀምጬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ አያቴ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ወደ ጌታ ሄደች።

ዛሬ እነዚያ ሁለት ገጾች በእጄ አሉ። የሌለው ብዙ ነው። በሹክሹክታ የዘመሯቸው መዝሙሮች የትኞቹ እንደነበሩ አላውቅም። ቃሉን ያስተምራቸው የነበረና አንድ ሌሊት ተይዞ የተወሰደ ወንድም እንደነበረ አውቃለሁ፤ ስሙን ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ አልጻፍኩትም። አሁን የሚነግረኝ የለም። ያ ወንድም በሰማይ መዝገብ ስሙ እንዳለ አምናለሁ። በምድር ግን ከኔ ስንፍና የተነሣ አንድ ምስክር ጠፍቶበታል። እኔም ያንን ስንፍና በጊዜው «መጠበቅ» ብዬ እጠራው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እህታችን እቅድ ማውጣት የሥጋ ሥራ እንዳይሆንባት ፈርታለች። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን ቃሉ ራሱ ምን ያሳየናል? በኦሪት ዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ እንደሞላው እናነባለን። የሞላው ለስብከት ወይም ለትንቢት አልነበረም፤ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በእንጨትና በድንጋይ ለሚሠራ የእጅ ጥበብ ነበር። አሁን ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ ሂዱ። የታቦቱ ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል እንዲሆን ታዝዟል። መጋረጃው ስንት ክንድ፣ ቀለበቱ ስንት፣ ሁሉም ተቆጥሯል። በመንፈስ የተሞላው ሰው የተሰጠው ሥራ ልክ ያለው ሥራ ነበር። ባስልኤል «መንፈስ ያለበት ቦታ መለኪያ ምን ያደርጋል?» አላለም።

ወንጌላዊው ሉቃስም እንዲሁ ነው። የጽሑፉን መግቢያ ተመልከቱ። ከእሱ በፊት ብዙዎች ታሪኩን ለመጻፍ እንደሞከሩ ይናገራል። እሱ ራሱ ሁሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥንቃቄ እንደተከታተለ፣ በቅደም ተከተል ሊጽፍ እንደወሰነ፣ ለምን እንደሚጽፍም ይገልጣል። የሚጽፈው ለአንድ ሰው ነው፣ ለቴዎፍሎስ፤ ዓላማውም ያ ሰው የተማረውን ነገር እርግጠኝነት እንዲያውቅ ነው። የሉቃስ ወንጌል በእግዚአብሔር መንፈስ ምሪት የተጻፈ ቅዱስ ቃል መሆኑን እናምናለን። ያም ሆኖ ጸሐፊው የዓይን ምስክሮች ያስተላለፉትን መርምሯል፣ አቀናጅቷል፣ ግብም ነበረው። ሉቃስ ሰዎቹን ሳይጠይቅ ተቀምጦ ቢጠብቅ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ምስክሮቹም እንደ አያቴ አንድ በአንድ ያልፉ ነበር።

ከሉቃስ መግቢያ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም እሱ ነው። የጸሐፊ ግብ ለራስ የሚወጣ የሥራ ሰሌዳ ብቻ አይደለም። ለሌላ ሰው የተገባ ቃል ነው። ቴዎፍሎስ ይጠብቃል። ታሪኩ በእጅህ ያለ ሰው ይጠብቃል። ገና ያልተወለደ አንባቢም ይጠብቃል። ግብን እንዲህ ስናየው «እቅድ ማውጣት መንፈሳዊ ነው ወይስ ሥጋዊ?» የሚለው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ቃል መጠበቅ መንፈሳዊ ነውና።

ይህን ነገር እኛ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ እቁብ እናውቃለን። እቁብ የገባ ነጋዴ «ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ልቤም አልተነሣሣም» ብሎ አይቀርም። ዕጣው ለሌላ ሰው በሚወጣበት ሳምንትም ይጥላል። የሚያመጣው በአንድ ቀን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ቃሉን ስለሚጠብቅ ግን ሱቅ ይከፈትበታል፣ ልጅ ይማርበታል። መጻፍም እንዲሁ ነው። በየቀኑ የምትጥሉት ግማሽ ገጽ ነው። ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁ፣ ማለትም ያ ልብ የሚያሞቅ ሐሳብ መቼ እንደሚመጣላችሁ አታውቁም። ሳይጥል ዕጣ የሚጠብቅ ግን የለም።

ይህን በሕይወታቸው ካሳዩን ሰዎች አንዷ አስቴር ጋኖ ናት። ስለ እሷ ብዙ ወጣቶቻችን አልሰማችሁ ይሆናል። በኦሮሞ ምድር ተወልዳ በልጅነቷ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 እ.ኤ.አ. በባሕር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ነጻ አወጣትና በምፅዋ አቅራቢያ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ እንደ እሷ ከባርነት የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ይሠራ ነበር። አስቴር ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ስለነበር ቃላት በመሰብሰብና በትርጉሙ ሥራ አገዘችው። ከዚህም ሌላ ከሕዝቧ የሰማቻቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጻፈች። በ1894 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም የሰበሰበችው ቅርስ ዋና ግብዓት ሆነ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ታተመ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አስቡ። ከአገሯ ተነቅላ የሄደች ልጅ ናት። ሊጻፍ የሚገባው በአእምሮዋ ውስጥ ነበር። ሐዘኗ እስኪያልፍ፣ አገሯ እስክትገባ፣ የተመቸ ጊዜ እስኪመጣ ብትጠብቅ ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን አንዱን ተረት ከሌላው አስከትላ ጻፈች። አምስት መቶ በአንድ ሌሊት አይጻፍም። ወደ ወለጋ የተመለሰችው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ልጆችን ስታስተምር ኖረች። በመጽሐፍ ቅዱሱ የርዕስ ገጽ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የእሷ የለም። ያም ሆኖ ቃሉ በቋንቋዋ ለወገኖቿ ደረሰ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ነው። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ነው። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ስለ መንደር ሕይወት የሚተርክ ልብ ወለድ በቸሃ ጻፈ። የሴማውያን ቋንቋዎች ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና «የሺነጋ መንደር» በሚል ርዕስ በ1964 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው። ኋላም ሳህለ ሥላሴ በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ ጻፈ፤ በመንደር ጎጆ ሲቃጠል ሕዝቡ ወንጀለኛውን ለማግኘት የሚሰበሰብበትን የቆየ ሥርዓት ይዞ የተሠራ ነው። በአማርኛም «ወጣት ይፍረደው»ን ሰጥቶናል፤ የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ሥራም «መከረኞቹ» ብሎ ተርጉሞልናል።

ሳህለ ሥላሴ በቸሃ ሲጽፍ ከፊቱ የሚመለከተው፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ የልብ ወለድ መደርደሪያ አልነበረውም። እኛ ብዙ ጊዜ «ስለ ምን ልጻፍ? እዚህ ጉንችሬ ምን አለ?» እንላለን። መነሳሳት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ይመስለናል። እሱ ባሕር ማዶ ሆኖ የጻፈው ስለ መንደሩ ነው። እኛ በየቀኑ የምናልፍበትን ጀፎሮ፣ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ለመስቀል ከየከተማው የሚገባውን ሰው ማን በትኩረት አይቶታል? መነሳሳት ብዙ ጊዜ ከሰማይ እንደ መብረቅ አይወርድም። ደጃፋችን ላይ ያለውን በፍቅር ስናይ ይነሣል።

አሁን ወደ እህታችን ፍርሃት ልመለስ። ግብ ማውጣት የሥጋ ሥራ ሊሆን ይችላልን? አዎ፣ ይችላል። ይህንንም ከራሴ አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ግጥም የምጽፈው እንዲጨበጨብልኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጭብጨባው በስልካችን ገብቷል። ሐሳባችንን በቴሌግራምና በፌስቡክ እንለጥፍና ሌሊቱን ስንት ላይክ እንደመጣ ስንቆጥር እናድራለን። ግባችን «ታዋቂ ጸሐፊ መሆን» ከሆነ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በእጃችን ያለ ነገር አይደለም፤ ሰው ቢወደን ባይወደን እኛ አናዝዝም። ሁለተኛ፣ የምንጽፍለትን ሰው ረስተን ራሳችንን እንድናይ ያደርገናል። እንዲህ ያለው ግብ ሲሳካ ያስታብያል፣ ሳይሳካ ተስፋ ያስቆርጣል።

ስለዚህ ግብን ከግብ እንለይ። «በዚህ ዓመት መጽሐፍ አሳትማለሁ» የሚለው ምኞት ነው። «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ» የሚለው ቃል ነው። የመጀመሪያው የሌሎች ፈቃድ፣ ገንዘብና ማተሚያ ቤት ይፈልጋል። ሁለተኛው እኔን ብቻ ይፈልጋል። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ከመቅረት ባይሳሉ እንደሚሻል ያስተምረናል። ለዚህ ነው ግባችሁ ትንሽ ይሁን የምለው። ትንሽ ተስላችሁ ክፈሉ። የኔ ጥፋት አያቴን የሚያህል ትልቅ መጽሐፍ ማለሜ አልነበረም። አንዲት ገጽ ለመጻፍ ቃል አለመግባቴ ነው። በየእረፍቱ በሳምንት አንዲት ገጽ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ የዚያን ወንድም ስም አውቀው ነበር።

«ሳልነሣሣ የጻፍኩት ደረቅ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። የኔም ደብተር ሕይወት በሌላቸው ገጾች የተሞላ ነው። ግን እናቶቻችንን ተመልከቱ። የተከለችውን እንሰት በዚያው ዓመት የምትበላ እናት የለችም። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ዓመታት ይቆያል። ከተፋቀም በኋላ ዕለቱን ቆጮ ሆኖ አይቀርብም፤ ጉድጓድ ገብቶ መብላላት አለበት። የመጀመሪያ ረቂቃችንም ያው ነው። ጽፋችሁ አስቀምጡት። ከሳምንታት በኋላ አውጥታችሁ አንብቡት፤ የማይረባውን ጣሉ፣ የሚረባውን አስተካክሉ። ኤርምያስን አስታውሱ። ባሮክ የጻፈለትን ጥቅልል ንጉሡ ኢዮአቄም በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጨምረው፣ ሌላ ጥቅልል ተወስዶ እንደገና ተጻፈ፤ በቀድሞው ላይም ብዙ ቃል ተጨመረበት። የእግዚአብሔር ቃል የመጣለት ነቢይ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ከመጻፍ ሥራ ነጻ አልነበረም።

እንግዲህ እንዴት እንጀምር? ለኔ የጠቀመኝን ላካፍላችሁ። ለአንድ የምታውቁት ሰው ጻፉ፤ ለታናሽ እህታችሁ፣ አዲስ አበባ ለሚሠራው ወንድማችሁ፣ ለምትጠፋዋ ጓደኛችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ምረጡ፤ ሰዓቱን ለቤተሰብ ተናገሩ። ትንሽ ደብተር በኪሳችሁ አይጥፋ፤ በታክሲ የሰማችሁትን፣ በገበያ ያያችሁትን አስፍሩበት። ከመጻፋችሁ በፊት ጸልዩ፤ ጸልያችሁ ስትነሡ ግን እስክሪብቶውን አንሡ። የጻፋችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት እውነቱን ለሚነግራችሁ አንድ ሰው አንብቡለት። አንድ ሳምንት ብታጓድሉ ደግሞ ራሳችሁን አትኮንኑ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀመጡ። ጸጋ ያለበት ቤት ነው ያለነው።

መነሳሳት ከጌታ የሚመጣ ስጦታ መሆኑን አልክድም። አንዳንድ ምሽት ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዐረፍተ ነገር እጄ ላይ ይወጣል፤ እንደዚያ ሲሆን አመሰግናለሁ። ግን ልብ ብዬ ሳስተውለው እንደዚያ ያለው ምሽት የሚመጣው ደረቅ ምሽቶችን ተቀምጬ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። መክሊቱን በጉድጓድ የቀበረው ባሪያ ጌታው መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ጠብቋል። መጠበቁ አልጠቀመውም፤ ጌታው የጠየቀው በተሰጠው ምን እንደሠራበት ነው።

ያቺን እህታችንን በሌላ ቅዳሜ ሳገኛት የአያቴን ታሪክ ነገርኳትና አንድ ነገር ለመንኳት። በቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ዘመን የነበሩ እናቶችና አባቶች ጥቂቶች ቀርተዋል፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዷን አጠገቧ ተቀምጠሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፣ የነገረችሽንም ማታውኑ ግማሽ ገጽ ጻፊው አልኳት። «ግጥም ካልሆነልኝስ?» አለችኝ። ግጥም ባይሆንም ስሞቹን በትክክል ጻፊ አልኳት።

ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። መጪው የመጽሔታችን እትም ሦስት ወር ቀርቶታል። በየቤታችሁ፣ በየመንደራችሁ የሚነገራችሁ ታሪክ አለ፤ የሚነግሯችሁ ሰዎች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም። በዚህ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ ወደ አንዳቸው ሂዱ። ጌታ ልባችሁን ያነሣሣ፣ እጃችሁንም ያጽና። አሜን።